የተመላሾች ማዕድ

ከታላቅ መከራ በአንድነት የተረፉ ሰዎች፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተጠራርተው በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ለምንድን ነው? ለመብላት ነው እንዳይባል ሁሉም በየቤቱ እንጀራ አያጣም። ለወግ ነው እንዳይባል የሚወራውን ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አንዱ ጀምሮ ያቋረጠውን ሌላው ሊጨርስለት ይችላል። እንዲያም ሆኖ ይሰበሰባሉ። ቁጥራቸው በየዓመቱ እየተመናመነ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ያላቸውም ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ይመጣሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ደግሞ ዙሪያውን ይቃኛሉ። ዓይናቸው የሚፈልገው የመጣውን ሰው ብቻ አይደለም፤ የቀረውንም ነው። ወጡ ሳይወጣ፣ መጠጡ ሳይቀዳ፣ ቆጠራው ይቀድማል።

ኢትዮጵያዊ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበር አለው፣ ሰንበቴ አለው፣ ዕድር አለው። ማኅበርተኛ ሲቀር «ምነው? ምን ሆኖ ነው?» ይባልለታል። ተዝካርም አለው፤ በሙስሊሙም ዘንድ ለሟች የሚወጣ ሰደቃ አለ። በእነዚህ ላይ የሌለው ሰው ስሙ ይነሣል፤ በእሱም ምክንያት የተራበ ይበላል። የተመላሾች እራት የሁለቱ ቅልቅል ይመስላል፤ ላሉት ማኅበር፣ ለሌሉት ተዝካር። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው እንደ ሆነ ግን ከተራ ግብዣ የሚለይበት ነገር የለም።

በዚህ ዓይነት እራት በዓለም ላይ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የምድር ዋልታ አሳሾች ይገኙበታል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጥላ ፍለጋ ለሚንከራተት የጅቡቲ ነዋሪ የበረዶ ነገር የሩቅ ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ይሁንና ወደ ኋላ እንደሚታየው ከዚህ ወደብ ተነሥተው በረዶ ላይ የተዋደቁ የወገን ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የአንታርክቲክ ክበብ በየዓመቱ እራት እያሰናዳ ወደ ደቡብ ዋልታ ምድር ዘልቀው የተመለሱትን ያገናኝ ነበር። በዚያ ዘመን ገና በሕይወት የነበሩ የሰር ኧርነስት ሻክልተን ሰዎች ነበሩ። የሻክልተን ዝና የተመሠረተው ደግሞ በአንድ ቁጥር ላይ ነው። መርከቡ ኢንዱራንስ እ.ኤ.አ. በ1915 በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰጥም በእርሷ የነበሩት 28 ሰዎች ነበሩ፤ በ1916 ነሐሴ ወር የመጨረሻዎቹ ከኤሌፋንት ደሴት ሲወጡ ከ28ቱ አንድም አልጎደለም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ መሪነት በሚጻፉ መጻሕፍት «አንድም ሰው አልሞተበትም» እየተባለ ይወሳል።

ቆጠራው ግን ጎዶሎ ነው። ሻክልተን አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ያቀደ በመሆኑ፣ በወዲያኛው ዳርቻ በሮስ ባሕር በኩል ሌላ ጓድ አሰማርቶ ነበር። የዚህ ጓድ ሥራ በመንገዱ ላይ ስንቅ ማስቀመጥ ነበር፤ እርሱና ባልደረቦቹ ዋልታውን አልፈው ሲመጡ እንዳይራቡ። ሰዎቹ በብርድና በቫይታሚን እጦት ድዳቸው እየደማ፣ እግራቸው እየከዳቸው ስንቁን አደረሱ። በዚያው ዘመቻ፣ በ1916፣ ሦስቱ ሞቱ፤ ስፔንሰር ስሚዝ፣ ማኪንቶሽና ሄይዋርድ። ስንቁ የተቀመጠለት ሰው መርከቡ ሰጥማበት በሌላው ዳርቻ ቀርቶ ኖሮ በዚያ መንገድ ከቶ አልመጣም። ሰዎች በረዶ ላይ የሞቱት ላልመጣ እንግዳ ማዕድ ሲያሰናዱ ነው ማለት ይቻላል። «አንድም አልሞተበትም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እነዚህ ሦስቱ ካልተቆጠሩ ብቻ ነው።

የአናጢው የሃሪ ማክኒሽ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስድስት ሰዎች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ያንን አስፈሪ ውቅያኖስ አቋርጠው እርዳታ ሊጠሩ የቻሉት ጀልባዋን ከፍ አድርጎ፣ ሸፍኖና ደፍኖ ለጉዞ ያበቃት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ቢሆንም በበረዶው ላይ አንድ ቀን ከአለቃው ጋር ተከራክሮ አልታዘዝም ብሎ ነበርና፣ ኒሻኑ ሲታደል እርሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተዘለሉ። በ1930 ኒው ዚላንድ ውስጥ በድህነት ሞተ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ያንገበገበው የኒሻኑ መቅረት ሳይሆን፣ መርከቧ ስትጠፋ በሻክልተን ትእዛዝ የተገደለችበት ድመቱ ነበረች ይባላል። የሰው ልብ ሒሳብ አያያዝ ከመንግሥት መዝገብ ይለያል።

ከአሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ ጋር ለዓመታት ሰሜኑን በረዶ የተመላለሰው ጥቁር አሜሪካዊ ማቲው ሄንሰንም የሚረሳ አይደለም። በ1909 ፒሪ የሰሜን ዋልታን ረገጥኩ ሲል አብረውት የነበሩት ሄንሰንና አራት የኢኑዊት ተወላጆች ነበሩ። ፒሪ ሹመትና ሽልማት ሲያገኝ ሄንሰን ኒው ዮርክ ጉምሩክ ውስጥ በዝቅተኛ ሥራ ኖረ። የአሳሾች ክበብ በአባልነት የተቀበለው በ1937 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። አራቱን ኢኑዊት ማን ወደ እራት እንደ ጠራቸው መጠየቅ እንኳ ለብዙ ጊዜ ለማንም ትዝ ያለው አይመስልም።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ ልዩነት ነጥሮ ይወጣል፤ የኒሻንና የማዕድ ልዩነት። ኒሻን የሚሰጠው ላኪው ነው። ንጉሥ፣ መንግሥት ወይም ማኅበር ሰውን ይልካል፤ ሲመለስም የታዘዘውን መፈጸሙን መዝኖ ይሸልመዋል ወይም ይነሣዋል። ማዕድ ግን የላኪው ሳይሆን የሄዱት ነው። በማዕዱ ላይ የሚጠየቀው «አብረኸን ነበርክ ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ኒሻን የተነፈገ ሰው ማዕድ ሊያገኝ ይችላል፤ ኒሻን የደረደረም በማዕዱ ላይ ዓይኑን መስበር ሊኖርበት ይችላል። ሄንሰን የደረሰበት በደል ከባድ የሚሆነው ሁለቱንም በአንድነት ስለ ተነፈገ ነው።

የልዩነቱን ትርጉም ለማየት ወደ ራስ ደጅ መመለስ ይሻላል። ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1951) በያኔዋ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ፣ በጅቡቲ ወደብ፣ «ጄኔራል ማክሬ» የተባለች የአሜሪካ የጦር ሠራዊት ማመላለሻ መርከብ መልሕቋን ነቀለች። የጫነችው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራውን የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ነበር። ወታደሮቹ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ ዳር የወረዱት በምድር ባቡር ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው በዚያው ሐዲድ። ስማቸውን ያገኙት ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ከሦስት ሳምንት ያህል የባሕር ጉዞ በኋላ ኮሪያ፣ ፑሳን ወደብ ደረሱ። ከብዙዎቹ መካከል ከዚያ ቀን በፊት ባሕር ያየ፣ ከዚያ ክረምት በፊትም በረዶ የረገጠ ጥቂት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮሪያ ተራሮች ክረምት ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የሚወርድ፣ ውኃ በኮዳ ውስጥ የሚግግርበት ነው።

በጦርነቱ ዘመን ሦስት ሻለቆች እየተፈራረቁ 3,518 ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል። ከ500 በላይ ቆስለዋል። የሞቱት ቁጥር በአንዳንዱ ጽሑፍ 121፣ በሌላው 122 ተብሎ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፤ አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም፣ የሞተም በጠላት እጅ አልቀረም። የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ሲጽፍ ለእነዚህ ሰዎች ልዩ ቦታ የሰጠውም በዚህ ጠባያቸው ጭምር ነው። ሌሊት በጭለማ ወጥተው፣ ከቆሰሉት ጋር የሞቱትን ተሸክመው ይመለሱ ነበር። አስከሬኖቹም በኋላ ወደ አገር ተመልሰው በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፈዋል።

የሞተን ሰው ለመሸከም በሕይወት ያለን ሰው ለሞት ማጋለጥ በወታደራዊ ስሌት ትርፍ የለውም። አስከሬን አይተኩስም፤ ምሽግ አይጠብቅም። አመዛዛኝ የሆነ መኮንን «ተዉት» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ታዲያ ለምን ተሸከሙት? መልሱ የሚገኘው ከጦር ሜዳው ሳይሆን ከመንደሩ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሞት የሚጀምረው በመርዶ ነው። መርዶ ሳይነገር ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ሳይቀመጡ ተዝካር የለም፤ ያለ ተዝካርም ሟቹ እንደ ወጣ ይቀራል፣ እናቱም በር በሩን እያየች ታረጃለች። ጓዱን የተሸከመው ወታደር ሥጋ ብቻ አልነበረም የተሸከመው፤ የአንዲትን እናት የማልቀስ መብት ጭምር ነበር። 121 ወይስ 122 የሚለውን ጥያቄ መዝገብ አገላባጭ በአንድ ቁጥር ልዩነት ያልፈው ይሆናል። በቃኘዎች ማዕድ ላይ ግን ያ አንዱ ስም ያለው፣ የመጣበት አገር የሚታወቅ፣ የሳቀበትም ነገር የሚታወስ ሰው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ግን ለረጅም ጊዜ በአደባባይ ሊቀመጥ አልቻለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ የዘማቾቹ ገድል የሚያስከብር መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር በሚባለው መንደር ኒሻኑን የደበቀም፣ ታሪኩን ለልጁ ሳይነግር የኖረም ነበረ። ላኪው መንግሥት ሲወድቅ ኒሻኑ ዋጋ አጣ። በዚያው ዘመን ግን በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በ1968 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ሐውልታቸው ቆሞ ነበር። በአገራቸው ዋና ከተማ፣ አፍንጮ በር፣ መታሰቢያ የቆመላቸው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስንቱ ሞተ። በእነዚያ የዝምታ ዓመታት ያቆያቸው ነገር ቢኖር በየቤቱ፣ በለቅሶ ላይ፣ በዕድር ድንኳን ሥር የሚገናኙበት ማዕድ ብቻ ነበር፤ ይኸን ደግሞ ማንም ሊሰጣቸው ማንም ሊነሣቸው አይችልም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። በመከራ አብሮ ማለፍ ሰውን ማኅበርተኛ የሚያደርገው ከሆነ፣ ዛሬ በጅቡቲ ምድር የሚያልፉት ተጓዦች የማን ማኅበርተኞች ናቸው? ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ ተነሥተው በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለውን ረመጥ በእግራቸው አቋርጠው ኦቦክ የሚደርሱት፣ ከዚያም በሌሊት ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት በየዓመቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ባሕሩ ሁሉንም አያሻግርም። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ወር፣ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ በሚሆን ልዩነት፣ ሌሎች ሁለት ጀልባዎች በዚያው ዳርቻ ሰጠሙ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተረፉት አሉ። ሙቀቱን፣ ጥማቱን፣ ማዕበሉን አብረው አይተዋል። የዋልታ አሳሾች ካዩት መከራ ያነሰ አይደለም፤ በተቃራኒው ጫፍ ያለ ብቻ ነው። የእነርሱ እራት ግን የለም።

ለዚህ የሚሰጥ መልስ አለ፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ወታደሩን አገሩ ልኮታል፤ አሳሹን ዕውቀት ልኮታል፤ ስደተኛውን ማን ላከው? ደላላ ነው የላከው፤ ወይም የገዛ ችግሩ። እንዲህ ያለውን ጉዞ በግብዣ ማሰብ ደግሞ ሌላውን ወጣት ወደ ባሕሩ መግፋት ይሆናል ይባላል። ወላጅ በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ የላከው ልጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ምን ይከበርለታል?

ስለ ዓላማ ከሆነ፣ የደቡብ ዋልታ መረገጥ ማንንም አላበላም። አሙንድሰን በ1911 ወደ ዋልታው ሲገሠግሥ 52 ውሾች ይዞ ወጥቶ በ11 ነው የተመለሰው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ በመንገድ ለውሾቹም ለሰዎቹም ምግብ ሆነዋል። በለንደን እራት ሲደረግለት ጋባዡ ሎርድ ከርዘን ውሾቹን አመስግኖ ዘለፈኝ ሲል በኋላ ጽፏል፤ ማኅበሩ ግን ይህን አስተባብሏል። የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብስ፣ እኅቱን ሊያስተምር የወጣ ልጅ ዓላማው ከዚያ ያነሰ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ጉዞውን ማወደስ ያጠፋል የሚለው ስጋት ግን እውነት አለበት። ይህ ስጋት ተገቢ የሚሆነው ለኒሻን ነው። ስደትን መሸለም ጥፋት ነው፤ ላኪ የሌለው ጉዞም ሸላሚ አይኖረውም። ማዕድ ግን ሽልማት አይደለም። የቃኘው ወታደር ጓዱን የተሸከመው ጦርነቱ ትክክል መሆኑን መርምሮ አልነበረም፤ አብሮት ስለ ነበረ ነው። ተዝካርም የሟቹን ሕይወት መርምሮ የሚወጣ ወይም የሚቀር አይደለም።

ላኪ ያለው ሰው ሲሞት ላኪው መርዶ የመንገር ግዴታ አለበት። ላኪ የሌለው ሰው ሲሞት መርዶ ነጋሪው አብሮት የነበረው ተጓዥ ብቻ ነው። ችግሩ ይህ ተጓዥ ብዙ ጊዜ ዝም ማለቱ ነው፤ ዝምታውም ከክፋት የመጣ አይደለም። ዕዳው ያሳፍረዋል። «አንተ እንዴት ተረፍክ?» የሚለውን ጥያቄ ይፈራዋል። የጓዱን ሙሉ ስም ሳይሆን አገሩን ብቻ ያወቀም ይኖራል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው፤ እናቲቱ ገና ተስፋ አላት። ልጇ ሳውዲ ገብቶ ስልክ አጥቶ ይሆናል ብላ ትኖራለች። ይህን ተስፋ መንጠቅ መብቱ የማን ነው?

ስለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ደግነት ይጋጫሉ። አንደኛው ሰውን ከሐዘን ይሸሽጋል፤ ሁለተኛው ሐዘኑን ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚከፈል ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም ዝም ያለው ሰው ሳይሆን የምትጠብቀው ናት። የአገሬው ልማድ ከጥንት ጀምሮ ሁለተኛውን መርጧል። መርዶ በውድቅት ወይም በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ የሚነገረው ቃሉ ከባድ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው፤ አይነገር ግን አልተባለም። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው ስለማይችል ብዙ ሰው ሆኖ ይሸከመዋል። ከኦቦክ የተረፈው ወጣት የጎደለው ድፍረት ላይሆን ይችላል፤ የጎደለው አብሮት የሚሄድ ሽማግሌ ነው።

በጅቡቲ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለም። በካርቲየዎቹ የሚኖረው፣ ወደብ የሚሠራው፣ ከጋላፊ ወዲህ መኪና የሚነዳው፣ በሰው ቤት የምትሠራዋም ሳትቀር፣ ከባሕሩ የተመለሰ አንድ ሰው ሳያውቁ አይቀሩም። ከሳህኑ ጎርሶ ድንገት የሚያቆም፣ ስለ አንድ ሌሊት ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይር ሰው ነው። ይህ ሰው ከሌሎች እንደ እርሱ ካሉት ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ ቢቀመጥ መጀመሪያ የሚመጣው ወግ አይሆንም። «ያ ቀይ ሸሚዝ የለበሰው የሐይቁ ልጅ እንዴት ሆነ?» የሚል ይሆናል። አንዱ «ከእኔ ጀልባ አልነበረም» ይላል፤ ሌላው ያቀረቅራል። ስሙን የሚያውቅ ከተገኘ ስሙ ይነሣል። ስሙ ከተነሣ ዘንድ ከሐይቅ ከተማ ከአንዲት ቤት በር ላይ ሽማግሌዎች በማለዳ ሊቆሙ ይችላሉ።

በ1943 ሚያዝያ የቃኘውን ሻለቃ የጫነችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ወጥታ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምሥራቅ ስታቀና ኦቦክን በስተግራዋ ትታ ነው ያለፈችው። የዚያን ቀን በዚያ በኩል ከባቡሩ የወረደው የአምሐራ ሳይንት ወይም የሸዋ ወታደር ዞር ብሎ ቢመለከት የሚያየው ዝቅ ያለ፣ በሙቀት የሚንቀጠቀጥ ዳርቻ ነው። አሁን በዚያ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ድንጋይ ብቻ የተደረደረባቸው፣ ስም ያልተጻፈባቸው መቃብሮች አሉ።